ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ ማሳየት አቃተኝ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ መርፌና መቀስ ከእጄ ተለይተው አያውቁም። መጀመሪያ የከዱኝ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ናቸው፤ ሌሊት ይደነዝዙና እጄን እያራገፍኩ አነቃቸዋለሁ። እየቆየ መርፌው ከጣቶቼ መሀል መውደቁን የማውቀው ክሩ ተንጠልጥሎ ሳየው ብቻ ሆነ። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል፤ በእጅ አንጓ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ሚዲያን የሚባል ነርቭ ታፍኖ ነው። ቀዶ ጥገናው የመተላለፊያውን ጣሪያ የሆነውን ጅማት ቆርጦ ለነርቩ ስፍራ መስጠት ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል። ሁለቱንም እጆቼን ተራ በተራ ተሠርቻለሁ። የምነግራችሁ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስለመጡት ክኒኖች ነው፤ እኔን ያስቸገሩኝ እነርሱ ናቸውና።

ለመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ስዘጋጅ የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሥራዬ ነበሩ፤ መቼ መቀስ እይዛለሁ፣ ጠባሳው ይጎላል ወይ፣ ጣቶቼ እንደ ድሮው ይሰማቸዋል ወይ። ስለ ሕመም ማስታገሻ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ማዘዣው የተሰጠኝም ሸሚዜን በአንድ እጄ ለመቆለፍ ስታገል ነው፤ “ሲያምዎት አንድ ወይም ሁለት ይውሰዱ” ተባልኩ፣ ተሸኘሁ። ከመድኃኒት ቤት የወጣሁት 30 ክኒን የያዘ ጠርሙስ ይዤ ነው። በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ኮዴይንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለ። ኮዴይን ከሞርፊን፣ ከትራማዶልና ከኦክሲኮዶን ጋር ኦፒዮይድ ከሚባለው፣ ሱስ ሊያስይዝ ከሚችለው የጠንካራ ማስታገሻዎች ቤተሰብ እንደሚመደብ ያን ጊዜ አላውቅም፤ ጠንከር ያለ የራስ ምታት መድኃኒት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ቁጥሩ ራሱ ግን አንድ ነገር ሹክ አለኝ፤ ይህን ያህል ካዘዙልኝ ይህን ያህል ሊያመኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የተሠራሁት በብብቴ በኩል በተወጋ መርፌ ክንዴ በሙሉ ደንዝዞ ነው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተሠርቼ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ክንዴ እንደ ጨርቅ ጥቅል ከጎኔ ተጋድሟል፤ ምንም አያመኝም። ለታናሽ እህቴ ሐኪሙ የተባረከ እጅ እንዳላቸው እያወራሁላት፣ እራቴን በግራ እጄ በልቼ፣ አንድም ክኒን ሳልውጥ ተኛሁ። ካላመመኝ ለምን እውጣለሁ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስነቃ ክንዴ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከፋሻው ጫፍ የወጡት ጣቶቼ አብጠዋል፤ ሕመሙ ከልብ ምቴ ጋር እኩል ይመታል። ማደንዘዣው ለቋል።

ክንድን በሙሉ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሲለቅ ሕመሙ ቀስ ብሎ አያንኳኳም፤ በሩን ገንጥሎ ነው የሚገባ። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ማደንዘዣው ከግማሽ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ላይ የሚለቀው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ሐኪም በማይገኝበት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። እባካችሁ የመጀመሪያውን ማስታገሻ ክንዳችሁ ገና ደንዝዞ ሳለ ውሰዱ። ከመተኛታችሁ በፊት የስልካችሁን ማንቂያ ሞልታችሁ ለሚቀጥለው ጊዜ ተነሡ። የደነዘዘ ክንድ ራሱን እንደማይጠብቅም አስታውሱ፤ ቢንጠለጠል፣ ቢጨፈለቅ፣ ትኩስ ነገር ቢነካው አይነግራችሁም። ከጎንና ከጎን ትራስ ደግፋችሁ አስተኙት።

እኔ ያን ሌሊት ሁለት ክኒን ዋጥኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ፓራሲታሞል ነበረኝና ሁለት ጨመርኩበት፤ ይኼኛው ቀላል ነው፣ አይጎዳም ብዬ። እስከ ማግስቱ ሌሊት እንዲሁ እየተፈራረቁ ቀጠሉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስትቀሰቅሰኝ አልነቃ ብዬ እንዳስደነገጥኳት በኋላ ነገረችኝ። ትከሻዬን ይዛ እስክትነቀንቀኝ ድረስ ትንፋሼ በመሀል እየቆመ ይቀጥል ነበር አለች። ዓይኔን ስገልጥ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

“ወንድም ጋሼ፣ ትናንት ከዚህ ስንት ዋጥክ?”

“ስምንት ይሆናል።”

“ከዚያኛውስ?”

“አራት።”

ከጠርሙሱ 8፣ ከመሳቢያው 4፤ እያንዳንዳቸው 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል። በአንድ ቀንና ሌሊት 6 ግራም ውጫለሁ ማለት ነው። ለጤነኛ አዋቂ ከፍተኛው ልክ በ24 ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ብዙ ሐኪሞች እንዲያውም ከ3 ግራም አትለፉ ይላሉ። ከዚያ ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ደህና መስሎ መታየቱ ነው። እህቴ ወደ መድኃኒት ቤቱ ደወለች፣ ፋርማሲስቷም ሳትውል ሳታድር ወደ ሕክምና ይዘሽው ሂጂ አለቻት። ደሜ ተወሰደ፤ ጉበቴ ደህና ነው ተባለ። ለዚያ ቀን ፓራሲታሞል ያለበትን ማንኛውንም ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቀው መለሱኝ። ኦፒዮይድና ፓራሲታሞል በአንድ ክኒን የተቀላቀሉባቸው መድኃኒቶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጥ ፓራሲታሞል ይደበቃል። የማሸጊያውን ስም ትታችሁ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ይዘቱን አንብቡ። የጽሑፌን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ሙሉ የዋልኩት በአይቡፕሮፌን ብቻ ነው፤ ኦፒዮይድም ፓራሲታሞልም ያልሆነ ሌላ ማስታገሻ ነው። ፋርማሲስቷ ባለችው መሠረት እህቴ ሁለት ትራስ ደርባ እጄን ከደረቴ በላይ አንጋለለችልኝ። አመመኝ፣ ግን ከፈራሁት በጣም ያነሰ ነው። እብጠቱ ወርዶ በማታው ጣቶቼን መጨበጥ ጀመርኩ። ማስተማሪያው ፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት መሰናክል ብቻ ነው። ነገ ክኒኑን እስክጀምር ልታገሥ አልኩ። በ3ኛው ቀን ጀመርኩት።

ቀጥሎ ያሉትን ቀናት በቅደም ተከተል መናገር ይቸግረኛል፤ የክኒኑ አንዱ ጥፋት ይኸው ነው። ቀን ቀን ከአንገቴ በታሰረ ማንጠልጠያ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ማንጠልጠያው ታማሚ ስለሚያስመስል ደስ ይላል እንጂ እጅን ከልብ በታች አስቀምጦ ያሳብጣል፣ ትከሻንም ያደርቃል። ሆዴ ለ5 ቀን ታሰረ። የሆድ ድርቀት ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ ነገር ሆኖ ሳለ ማንም አልነገረኝም፤ ከእጄ ይልቅ እርሱ ያሠቃየኝ ቀን አለ። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን አራት አራት ዋጥኩ። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ብቻ፣ ማታ ማታ። ቀነስኩ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

የማታዎቹን ሁለት ግን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ሥራዬ ቆሟል፤ ያልተሰፉ ልብሶች ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ ጣቶቼ ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይመጣል። ክኒኖቹን ከዋጥኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ይሆንልኛል። እጄ ቢያመኝም ባያመኝም በ3 ሰዓት ጠርሙሱን እከፍታለሁ። እንዲያውም አንድ ማታ ጣቶቼ እየሰነዘሩኝ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ እጄን አንቀሳቅሼ ሞከርኩት፤ ለመዋጥ ምክንያት እየፈለግሁለት ነበር። በ11ኛው ቀን ማታ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ።

በ12ኛው ቀን ስፌቱ ሊወጣ ቀጠሮ ነበረኝ። ቀዶ ሐኪሙ የመጨረሻዋን ክር መዘው አውጥተው ጓንታቸውን ሲያወልቁ፣ “ዶክተር፣ ማስታገሻው አልቆብኛልና ቢጨምሩልኝ” አልኳቸው።

“ያምዎታል?”

“በጣም።”

“የቱ ጋ ነው? በጣትዎ ያሳዩኝ።”

የግራ እጄን ሌባ ጣት አነሣሁ። ጠባሳው ላይ አሳረፍኩት፤ ትንሽ ቆጠቆጠኝ እንጂ ያ አልነበረም። ወደ አንጓዬ ወሰድኩት። ወደ መዳፌ መለስኩት። ጣቴ የሚያርፍበት አጥቶ አየር ላይ ቀረ። ሐኪሙ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። “ክኒኑን የሚወስዱት ስንት ሰዓት ላይ ነው?” አሉኝ። “ልተኛ ስል” አልኩ። ሌላ መልስ አላስፈለጋቸውም።

አጠገቤ ተቀምጠው ያስረዱኝን አልረሳውም። ኮዴይን በራሱ ብዙም አያስታግስም፤ የሚሠራው ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። የኢንዛይሙ ጉልበት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ስለማይለውጠው ክኒኑ ባዶ ይሆንበታል። ሌላው ደግሞ ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን ተደራርቦ ስላለው በፍጥነትና በብዛት ይለውጠዋል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እርሱን ሊያፍነው ይችላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ከሌላው ዓለም በዝተው ይገኛሉ። እኔ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ አልተመረመርኩም፤ ነገር ግን እህቴ የነቀነቀችኝን ጠዋት ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ኦፒዮይድ የትንፋሽን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከአልኮል፣ ከእንቅልፍ ወይም ከጭንቀት ክኒን ጋር ሲገናኝ፣ ወይም እያንኮራፋ ትንፋሹ በሚቆራረጥ ሰው ላይ ሲሆን ሞት ያመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሳትጠየቁ ተናገሩ። ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ይተኛ ብላችሁ አትተዉት፤ አስቸኳይ እርዳታ ጥሩ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻም አለ።

ቀኑም ራሱ ይቆጠራል። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ትንተና እንዳሳየው ኦፒዮይድ ጀምሮ የማያውቅ ሰው ለረጅም ጊዜ ተጠቃሚ ሆኖ የመቅረቱ ዕድል ከ3ኛው ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ይጨምራል፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ይበልጥ ያሻቅባል። እኔ 11ኛው ላይ ነበርኩ።

ሌላ ጠርሙስ አልተሰጠኝም። ሦስት ሌሊት ክፉኛ እንቅልፍ አጣሁ፤ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ አዛጋኝ፣ ያለ ምክንያት እህቴ ላይ ጮኽኩ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር፤ ሰውነቴ የለመደውን ሲያጣ ነው። በአራተኛው ሌሊት ተኛሁ። የእኔ ጥቂት ቀን፣ ትንሽ መጠን ስለነበረ በዚሁ አለፈ። ለሳምንታት ወይም ለወራት የወሰዳችሁ ግን በእኔ ታሪክ ተነሣሥታችሁ በአንድ ቀን እንዳትተዉት፤ ሐኪም እየተከታተላችሁ ቀስ በቀስ የሚወርድ ነው።

የግራ እጄ ተራ የደረሰው ከ8 ወር በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ፤ ምን ያህል ቀን ያመኛል፣ የትኛው መድኃኒት ይቅደም፣ ኦፒዮይድ ካስፈለገ ስንት ፍሬ፣ ሌሊት ቢብስብኝ ለማን እደውላለሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ወንበራቸውን አስጠጉ። ለካ ሰው ሲጠይቅ ጊዜ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከእጅ እስከ ትከሻ የተሠሩ 1,416 ታካሚዎችን ተከታትሎ በአማካይ 24 የኦፒዮይድ ክኒን ታዝዞላቸው የዋጡት 8 ገደማ ብቻ እንደሆነ ማግኘቱን ነገሩኝ። “እኛም ከልክ በላይ የማዘዝ ልማድ ነበረብን” አሉ። ይህን ከሐኪም አፍ መስማት ብርቅ ነው፤ አከበርኳቸው። ለአንጓ ነርቭ ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው ያለ ኦፒዮይድ እንደሚወጣው፣ አጥንት ሲነካ ግን ነገሩ እንደሚለይ ጨመሩልኝ። 5 ክኒን ለክፉ ቀን ጻፉልኝ።

ማደንዘዣውም ተለወጠ። ክንዴ ሳይታሰርና ሙሉ በሙሉ ሳይደነዝዝ፣ መዳፌ ላይ ብቻ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣና መድማትን የሚቀንስ አድሬናሊን ተወግቼ ነቅቼ እያወራሁ ተሠራሁ። ይህን ዘዴ በዓለም ላይ በማስፋፋት የሚታወቁት ካናዳዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ላሎንድ ናቸው። ድሮ አድሬናሊን ጣት ላይ ከተወጋ ደም አቋርጦ ጣቱን ይገድላል ተብሎ ለሐኪሞች ሁሉ ይነገር ነበር፤ ያ ፍርሃት በዚህ ዘመን ተሽሯል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እየሠሩ ሐኪሙ ሲነግሩኝ የነበረው ምክር ነው። ከመርፌ ጋር የተላመድኩ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ የተሠፋሁበትን ክር ዓይነትም ጠይቄያለሁ።

ቤት ስደርስ ገና ደንዝዞ ሳለ ምግብ ቀምሼ 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ዋጥኩ። ከዚያ በየ8 ሰዓቱ፣ ቢያመኝም ባያመኝም፣ ለ3 ቀን። የወሰድኩበትን ሰዓት በር ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ በጠመኔ ምልክት አደርግ ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ አብረው ሲወሰዱ ይረዳዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በድንገተኛ ክፍል በተደረገ ጥናት፣ እጃቸውን ወይም እግራቸውን ተጎድተው የመጡ 416 ሰዎች ላይ ይህ ጥንድ ከሦስት ዓይነት የኦፒዮይድና የፓራሲታሞል ቅልቅሎች ጋር ተወዳድሮ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የእነርሱ የአንድ ጊዜ መጠን ነው፣ ቀዶ ጥገናም አልተደረጉም፤ ቢሆንም ደካማ ክኒን እያልኩ የናቅሁት ያን ያህል ደካማ አለመሆኑን አሳይቶኛል። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ አስፕሪን አስም የሚያስነሣባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩ። ጉበቱ የታመመ ወይም አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የፓራሲታሞሉ ልክ ይለይበታል።

ከክኒን ሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ትራሱ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ጣት ከክርን በላይ፣ ክርን ከልብ በላይ። ስቀመጥ ክርኔን ትራስ ላይ አድርጌ እጄን ወደ ላይ አቆማለሁ፤ ስሄድ መዳፌን በሌላኛው ትከሻዬ ላይ አሳርፋለሁ፤ ስተኛ ሁለት ትራስ ከጎኔ ደርቤ በሦስተኛው ደግሞ እንዳይንሸራተት አግደዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይህን ያለ ማወላወል ያዙ። እጄን ባወረድኩ ቁጥር የልብ ምቴ መዳፌ ውስጥ ይነቃል፣ ሳነሣው ከደቂቃዎች በኋላ ይተኛል። በኮዴይን ደንዝዤ በነበርኩ ጊዜ ይህን ንግግር አልሰማሁትም። ሐኪሙም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ “ሕመሙ ምን ማድረግ እንደሌለብዎ ይነግርዎታል፤ አፉን ካዘጉት ማን ይነግርዎታል?” በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ በፋሻው ላይ ለ15 ደቂቃ ማድረግም ይጠቅማል፤ ፋሻው እንዳይረጥብ፣ የደነዘዘ ቆዳ ላይም እንዳታደርጉት እንጂ። ጣቶቼን ነቅቼ ባለሁበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ ጨብጬ እዘረጋለሁ። ጅማት ወይም አጥንት የተጠገነላችሁ ግን ይህን ያለ ሐኪም ፈቃድ አታድርጉ።

ሌሊቱ አስፈርቶኝ ነበር። የማደርገውን አስቀድሜ ወሰንኩ፤ ልነቃ እችላለሁ፣ ብነቃም አደጋ የለውም። ማታ የምወስደውን ከመተኛቴ በፊት እውጣለሁ። ከነቃሁ መጀመሪያ እጄ ከትራሱ ወርዶ እንደሆነ አያለሁ፣ ቀጥሎ ጣቴን አንሥቼ የሚያመኝን ቦታ እነካለሁ። የሚነካ ቦታ ካጣሁ ያመመኝ እጄ አይደለም። ለዚያ ደግሞ ጠርሙስ አልከፍትም፤ ለእህቴ ደውዬ አነቃታለሁ። ሁለት ሌሊት ደወልኩ። አንዱን ሌሊት ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ተኛሁ።

ከ5ቱ ክኒኖች አንዱን ውጫለሁ። በ2ኛው ቀን ማታ በጨለማ ስነሣ የተሠራውን እጄን በበሩ እጀታ መታሁት። ዓይኔ ፊት ብልጭ አለ። እጄን ሰቅዬ ተቀመጥኩ፣ በረዶ አደረግሁ፣ ሰዓቱ የደረሰውን ወሰድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም አልበረደም። የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ ማሳየት እችል ነበር። ዋጥኩት፣ ተኛሁ፣ ጠዋት ወደ በሩ ወረቀት ተመለስኩ። አላፍርበትም። አንድም ሳልውጥ ጨረስኩ ብሎ ለመፎከር ጥርሱን ነክሶ ማደር ያለበት ሰው የለም፤ ለከባድ ቀዶ ጥገና ደግሞ ለጥቂት ቀን ኦፒዮይድ ማስፈለጉ ያለ ነው።

አንዳንድ ሕመም ግን በምንም ክኒን የሚሸፈን አይደለም። መድኃኒት ወስዳችሁ፣ እጃችሁን ሰቅላችሁ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቻችሁ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ አዲስ ድንዛዜ ከመጣ ፋሻው አንቆ ይዞ ሊሆን ይችላል። ጥፍራችሁን ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ገደማ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ፣ ወይም ትኩሳት፣ መግልና እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካያችሁ ጠዋትን አትጠብቁ።

ስፌቱ ከወጣ በኋላም በመዳፍ ግርጌ፣ ከጠባሳው ግራና ቀኝ ባሉት ጉብታዎች ላይ ስትደገፉ የሚያም ነገር ይቆያል። እኔን በቀኙ ጊዜ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ አስፈርቶኝ ነበር፤ በዚህ ቀዶ ጥገና የታወቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይለቃል። መቀስ ስይዝ ወፍራም ጨርቅ እጠቀልልበት ነበር።

አራት ክኒን ተረፈኝ። ወገቧን የሚያማት አንዲት ዘመዴ ሰምታ፣ “ለአንተ ካልሆነ ለእኔ ስጠኝ” አለችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ተቀይማኛለች። ግን እህቴ ትከሻዬን የነቀነቀችበትን ጠዋት ለሌላ ሰው ማከፋፈል አልፈለግሁም። ቤት ውስጥ ማስቀመጡም አይበጅም፤ አንዲት ክኒን ሕፃን ልጅን ልትጎዳ ትችላለች። የሚረከብ መድኃኒት ቤት የሌላችሁ ከአፈር ወይም ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በከረጢት ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። እኔ መልሼ ለዚያችው ፋርማሲስት ወሰድኩላት። መዳፏ ላይ አፍስሳ ቆጠረችና ቀና ብላ አየችኝ።

“ጋሼ፣ አምስት አልነበረም እንዴ?”

ስለ በሩ እጀታ ነገርኳት።